አሰለፈች ቤት ማተብ ይፈታል

አሰለፈች አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አረብ አገር፣ አል ሙራቃባት በሚባል ሰፈር ውስጥ ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እናቶቻቸው ሥራ ሲገቡ ሦስት ሕፃናት ትጠብቃለች። ሕጓ ጥቂት ነው፤ ድርድር አታውቅም። ሕፃን የሚተኛው ለብቻው፣ በጀርባው፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ነው። ትራስም ብርድ ልብስም አይገባም። አንገት ላይ የታሰረ ነገር ሁሉ ይፈታል።

ይህን የተማረችው ሻርጃ፣ ሞግዚት ሆና በሠራችበት ቤት ነው። የማዳም ልጅ ሲወለድ አብራ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚተኛ አንዲት ነርስ በአሻንጉሊት አሳየቻት። የማዳም እናት ለሕፃኑ የወርቅ ሐብል ባደረጉለት ቀን፣ ሲተኛ አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ ሌባ አሏት።

«ሐብሉ ያው። ልጁም ያው፣ ይተነፍሳል» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት እዚያው ሠራች።

ከየሺአረግ ጋር የተጣሉት በማተብ ነው። የሺአረግ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ልጇ ያብሰራ በአርባ ቀኑ ሻርጃ ክርስትና ተነሣ። ወደ ሥራ በተመለሰችበት የመጀመሪያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ስትመጣ ተኝቶ አገኘችው። አንገቱ ባዶ ነው። ጥቁሩ ክር ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማን ፈታው?»

«እኔ።»

«እትዬ አሰለፈች፣ ልጄን አስካድሽው።»

«አስተኛሁት እንጂ አላስካድኩትም። ሲነቃ አስርለታለሁ።»

«ማተብ እኮ ነው። እንደ ካልሲ የሚወልቅ ነገር ነው?»

«ስሚ የሺ፣ እኔ የራሴን በጥሺ ተብዬ ያልበጠስኩ ሴት ነኝ። በማተብ አትምጪብኝ። የእኔ አንገት ላይ ክሩ ቢጠብቅ እጅ አለኝ። እሱ ምን አለው? አልቅሶ እንኳ አይጠራኝም።»

«ሁላችንም አስረን ተኝተን ነው ያደግነው።»

«ያላደጉትን ማን ጠየቃቸው?»

የሺአረግ ልጁን ከነእንቅልፉ አንስታ ወጣች።

ሳይመሽ ወሬው ዞረ። አሰለፈች ማተብ ታወልቃለች፣ ሃይማኖቷንም ሳትቀይር አልቀረችም ተባለ። በማግስቱ እመቤት የምትባለው እናት ልጇን አላመጣችም። ሦስተኛዋም ቀረች። ሕፃናቱ ካልተመለሱ ክፍሉን በወሩ መጨረሻ መልቀቅ ነው፤ አሰለፈች ይህን ታውቃለች። ለማንም አልደወለችም። እመቤት ግን ደወለች።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ በያትና ይለቅ» አለቻት።

«ለምኑ? ልጇ በሰላም ስለተኛ?»

ስልኩን ዘጋችና የሕፃናቱን አልጋዎች ወለወለች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የሺአረግ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ሐሳቧን አልቀየረችም። ሌላ ሰው አጥታ ነው።

«አጅማን ከተማ አንዲት ጠባቂ አግኝተሻል ሲሉ ሰማሁ» አለች አሰለፈች።

«አምስት ሕፃን አንድ ፍራሽ ላይ እንደ ሰርዲን ነው የምትደረድራቸው። አትሳቂ።»

«መች ሳቅሁ?»

«ትክክል ነሽ ለማለት አልመጣሁም።»

«እኔም ክሩን ላለመፍታት በር አልከፈትኩም።»

የሺአረግ ልጁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረችው። የሆቴሉ ሰርቪስ ታች ጥሩምባ ነፋ።

«ስትፈቺ በስመ አብ በይ። ስታስሪም እንደዚያው።»

«እላለሁ።»

«አሁን፣ እኔ እያየሁ ፍቺው።»

አሰለፈች በስመ አብ ብላ ቋጠሮውን ፈታች። ክሩን ሰቀለች። ያብሰራን በጀርባው አስተኛችው። የሺአረግ ከቦርሳዋ ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣች።

«በኤሲው ይበርደዋል።»

«ኤሲውን ቀንሼዋለሁ፤ ልብስ ደርቤ አለብሰዋለሁ። ብርድ ልብሱን መልሰሽ ክተቺው።»

«እትዬ አሰለፈች…»

«ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሰርቪሱ ጥሎሽ ይሄዳል።»

የሺአረግ ብርድ ልብሱን ብብቷ ስር ሸጉጣ ደረጃውን ወረደች።