ሳይጨርሱ አሚን ያልኩበት ዝናብ

ትናንት ረፋድ ላይ ሐይቃችን ዳር ቆሜያለሁ... የጎማ ልብስ ለብሼ፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባዬ አዝዬ፣ ዝናብ እየወረደብኝ። በመንገዱ ያለፈ ገበሬ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት መምህር» ይለኛል። በዚያች ሰዓት በአገሩ ዝናብ ያስጠላው ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ የተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት ሮስተር እኔ እጅ ነበር። ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ነው። መሬት ልቅበረው ብል፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሁሉ እየተፈተሸ ነው ሲባል ሰማሁ። ስለዚህ በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ከተትኩት፣ አፉን በሻማ ደፍኜ፣ ድንጋይ አስሬ ሐይቁ ውስጥ አሰጠምኩት። ምልክት እንዳይሆን ብዬ ከላይ ገመድ እንኳ አላስቀረሁም። ቦታውን ግን ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ፦ ዳር ካለው ጥቁር ድንጋይ ወደ ውስጥ ሠላሳ ክንድ፣ ጥልቀቱ አሥራ ሁለት ክንድ።

ከሽሽት ስንመለስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቀረው ወረቀት ሁሉ ማገዶ ሆኗል። ብልህነቴን አመሰገንኩ። እንዴት እንደማወጣው ግን አላሰብኩበትም ነበር።

እስካሁን ውጤቱን የጠየቀኝ ሁሉ እየታገሠ ሄዷል። ያስተማርኳት ዘሀራ ግን ጊዜ የላትም። በነርስነት ተመርቃ ሥራ አግኝታለች፤ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቷን እስከ ወሩ መጨረሻ ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባቷ ሰይድ ጎረቤቴ ነው። ጤፍ ያርሳል፣ በታንኳውም ዓሣ ያሰግራል።

ጅቡቲ ወደብ ላይ እየጠለቀ የመርከብ ሆድ የሚያጸዳ አንድ የድሮ ተማሪዬ ለዕረፍት ሲመጣ የመጥለቂያ ዕቃውን ይዞልኝ መጣ። አራት ቀን አለማመደኝ። ሲመለስ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ... ብቻዎን አይጥለቁ፣ ነፋስ ካለ አይጥለቁ። የመጀመሪያውን መፈጸም አልቻልኩም፤ በስድሳ ሦስት ዓመቴ አብሮኝ የሚጠልቅ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ግን ቀላል መሰለኝ። ሐምሌ ገብቶም ጠብታ አልነበረም፤ ሐይቁ ረግቷል። ከልምምዱ የቀረኝ አየር አንድ ሲሊንደር ነው፣ እዚህ የሚሞላልኝም የለም። ሰኞ ልጠልቅ ቆረጥኩ።

ዓርብ ዕለት አገሩ ሁሉ ለዝናብ ዱዓ ወጣ። እኛ ዘንድ ለዝናብ ዱዓ ሲባል ክርስቲያን ነኝ ብሎ ቤቱ የሚቀር የለም፤ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። በልቤ ግን የሰኞውን ክንድ እያሰላሁ ነበር። ሼሁ ጀመሩ። «የታመመውን አሽርልን»... አሚን። «የጠፋውን መልስልን»... ይቺኛዋ በርሜሌን ስለምትመለከት አሚኔን ከፍ አደረግሁ። «ሐይቃችንን»... ሲሉ፣ አርጋልን የሚሉ መስሎኝ፣ ከሁሉ ቀድሜ አሚን አልኩ።

«...እስከ አፉ ሙላልን» ብለው ጨረሱ።

ቅዳሜ ነፋስ ተነሳ። እሑድ ከአምባሰል በኩል ጥቁር ደመና ወረደ። ሰኞ ዘነበ። ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ በረዶ ተጨመረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሞላ፤ መለኪያዬ የነበረው ጥቁር ድንጋይ ራሱ ከውሃ በታች ሆነ።

ትናንት ዝናቡ ባያቆምም ነፋሱ ረገብ አለ። ሰይድ በታንኳው ወሰደኝ። ወገቤ ላይ ገመድ አሰርን፤ ጫፉ በእሱ እጅ ነው። አንዴ ከጎተትኩ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ከጎተትኩ አውጣኝ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ከታች ምንም አይታይም። ጎርፉ ውሃውን አደፍርሶት የገዛ እጄን አላየሁም። ከሰጠመው ጥቁር ድንጋይ ጀምሬ እየዳሰስኩ፣ በክንድ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ድንጋይ... ጭቃ... ድንጋይ። የአየሩን መለኪያ ዓይኔ ላይ ለጥፌ ሳየው ከግማሽ በታች ወርዷል። ድንገት ጣቴ ክብ ነገር ላይ አረፈ። ዙሪያውን ዳሰስኩት... ክዳኑ ነው፣ የደፈንኩበት ሻማ ሳይቀር። ድንጋዩን ያሰርኩበትን ገመድ ልፈታ እጄን ስሰድ፣ ወገቤ የሚቆረጥ እስኪመስለኝ ወደ ላይ ተጎተትኩ።

ከውሃው ብቅ ስል ነፋሱ ተመልሷል፤ ታንኳው ይዘላል። ሰይድ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ያለከልካል።

«ለምን አወጣኸኝ?»

«ሁለቴ ጎተቱ እኮ መምህር።»

«እኔ አልጎተትኩም። ማዕበሉ ነው። ይዤው ነበር ሰይድ... በእጄ ይዤው ነበር።»

ሰይድ ወደ ውሃው ተመለከተ። የልጁ ወረቀት መሆኑን ያውቃል። እንደገና ልውረድ ብል ታንኳው ውሃ ማስገባት ጀምሯል፤ ወደ ዳር ቀዘፈ። እየቀዘፈም ምላሱን መያዝ አልቻለም። «አብሽሩ መምህር» አለኝ። «እኔ የጤፉ ባለቤት እንኳ አሚን ያልኩት በቀስታ ነው። እርስዎ ነዎት የጮሁት።»

ዘሀራ ጃንጥላ ይዛ ዳር ላይ ትጠብቀን ነበር። ባዶ እጄን አየች። በርሜሉን እንዳገኘሁት፣ እንዴት እንደለቀቅሁት፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ አየር እንደቀረ በቅደም ተከተል ነገርኳት። እስከ ወሩ መጨረሻ ስድስት ቀን አለን። አባቷ፣ ጤፉ ገና ውሃ ይፈልጋል ብሎ ጀመረና ልጁን ሲያያት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

እሷ አላለቀሰችም። ጃንጥላውን ወደ እኔ አስጠግታ፣ «ቲቸር፣ ዓርብ ደግሞ የምስጋና ዱዓ አለ» አለችኝ። «መቅረት አይችሉም፣ ነውር ነው። ግን በአላህ ይሁንብዎት፣ ሼሁ ተናግረው ጨርሰው ትንፋሽ እስኪወስዱ ድረስ አሚን እንዳይሉ።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትመልሱ» እያልኩ አስተማርኩ... ለካ ከክፍሉ ውስጥ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።