የልጅቷ አባት መልስ

እኔና ባለቤቴ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ኦቾሎኒ መፈልፈል ነበር። እሁድ ከሰዓት አሶሳ ቤታችን በረንዳ ላይ ለታሪክ ጨዋታ ለሚሰበሰቡት ተጫዋቾች ነው። ባለቤቴ እየፈለፈለ፣ በዚያ ቀን ታሪክ ሽማግሌ የሚላክባትን የልጅቷን አባት ድምፅ ይለማመድብኝ ነበር።

«ልጄን ለማላውቀው ሰው ልስጥ?» አለ አጎርንኖ።

«አበዛኸው። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ይሄዳሉ።»

«ይደንግጡ» አለና ከፈለፈልነው ዘገነ።

እሱ ታሪክ ይፈጥራል፤ በታሪኩ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ሆኖ ያወራል። ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን ሰው ይዘው ይመልሱለታል። የሚሆነው ካልታወቀ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይወስናል። ንግግራቸው ካማረ ግን ዳይሱን አያስነካቸውም ነበር። ጦርነት አይወድም፤ ታሪኮቹ ስለ ማስታረቅና ስለ ልመና ናቸው።

ያን እሁድ ሦስቱ ተጫዋቾች፣ ከባምባሲ ማዶ እሱ በፈጠራት መንደር፣ ሽማግሌ ሆነው ለአንድ ጎረምሳ ልጅቷን ሊጠይቁ ገቡ። አባትየው «እናስብበት፣ ተመለሱ» አላቸው። ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ። ሳምንቱ ሳያልቅ ባለቤቴ በድንገት ሞተ። ስለ ታሪኩ ቀጣይ በጽሑፍ የተወው ነገር የለም።

ከአርባው በኋላ ሦስቱም መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። በረንዳው ላይ ተሰልፈው ቆሙ።

አንደኛው ተጫዋች፣ የሆሞሻው ባጃጅ ነጂ፣ «እትዬ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለኝ። «በጋሼ ወንበር ይቀመጡልን። ጨዋታውን እርስዎ ይምሩልን።»

«አባትየው ምን ሊል እንደነበር እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ወላሂ እትዬ፣ ሙሽራው እያረጀ ነው።»

ሳቄ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። «እናስብበት» አልኳቸው።

ከመካከላቸው ነርሷ «በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የለም» ብላ ይዛቸው ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን ለማውጣት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ያሰበውንም ላገኘው አልቻልኩም። እሁድ ሲመለሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባትየው እርሻ ወርዷል» አልኳቸው። «ልታነጋግራችሁ የወጣችው እናትየዋ ናት። ‹ልጄን አርቃችሁ ስትወስዱብኝ፣ እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?› ትላለች።»

ባጃጅ ነጂው የተዘጋጀው ለአባትየው ነበርና ወደ ነርሷ ዞረ። ነርሷ መለሰችልኝ።

«ብቻዎን አንተዎትም፣ እማማ። በየሳምንቱ እናመጣታለን።»

«በምን?»

«በባጃጅ» አለ ነጂው።

ሦስተኛው ተጫዋች፣ የሒሳብ መምህሩ፣ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ባጃጅ የለም» አለው።

«ከዛሬ ጀምሮ አለ» አልኩ። ዳይስ ሳይጣል ልጅቷን ሰጠኋቸው።

አሁን እሁድ እሁድ ከሰዓት የማጫውተው እኔ ነኝ።