ጋቢ የለበሰችው ዲኤክስ

ባለፈው ሰኞ ከጎተራ ወደ ካዛንቺስ ለመሄድ በስልኬ ታክሲ ጠርቼ፣ እንደ ሰሞኑ ልማድ ድምፅ ከሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዷ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከፊቴ መጥታ የቆመችው ቀለሟ የወየበ አሮጌ ዲኤክስ ነበረች። ወጣቱ ሹፌር ከውስጥ በሩን እየከፈተልኝ፣ «ማዘር፣ አሮጌ ናት ብለው እንዳይንቋት፤ በቃ፣ ይቺ ልጅ ሰው አታሳፍርም» አለኝ። እኔ ግን በቅጡ አልሰማሁትም። በሩ እንደተከፈተ ፀሐይ የበላው የወንበር ቆዳ፣ የቤንዚንና የቆየ ምንጣፍ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ፊቴን ሲመታው፣ ሃምሳ ዓመት ልደፍን የተቃረብኩ ሴት መሆኔን ረስቼ፣ ካዛንቺስ በነበረው ግቢያችን በር ላይ ካልሲዬን ወደ ላይ እየሳብኩ አባዬን የምጠብቅ ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አባዬ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ለገሃር አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሰኢድ ሲባል የሚያውቁት ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው መኪና ዕቃ ሲያቀብል ኖሮ ለራሱ ብስክሌት እንኳ አልነበረውም። ሆኖም ማለዳ አልጋው ውስጥ እንዳለ በመንገዱ የሚያልፈውን የሞተር ድምፅ ሰምቶ የየት አገር ሥራ እንደሆነ፣ ምኑ እንደታመመ፣ አንዳንዴም ሹፌሩ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ይነግረን ነበር። ከሁሉም በላይ ልቡ የነበረው ግን ዲኤክስን በሚሠራው የጃፓን ፋብሪካ ላይ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ የዚያ ፋብሪካ መኪኖች ቶሎ ስለማይበላሹ ለሱቁ ብዙ ገበያ አያመጡለትም። እማዬ ይህን ስታነሳበት፣ «ሌሎቹ ያበሉኛል፣ እነዚህ ደግሞ ያስደንቁኛል፤ ሰው በሆዱ ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው?» ብሎ ይስቃል።

ግቢያችን ጠባብ ነበር። ከቆርቆሮው በር እንደገቡ በስተግራ አባዬ የሠራው ዳስ የመሰለ ጥላ አለ፤ እዚያ ጥላ ሥር ከጋሞ የመጡት ሸማኔ ጋሽ መና ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ድርና ማግ ሲያገናኙ ይውላሉ። የሚኖሩት ከኋላ ባለችው ክፍል ከልጃቸው ከአስቴር ጋር ነው፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው አስቴር ገና ስትድህ ነው። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ሲበር፣ መምቻው ጠብ ጠብ ሲል የነበረው ድምፅ የግቢያችን የልብ ምት ነበር ብል አላጋነንኩም፤ በዓል ሆኖ የቆመ ቀን ሁላችንም የጎደለን ነገር ያለ ይመስለን ነበር። ከአስቴር ጋር እኩያ ነበርን። ትምህርት ቤት አንዳንድ ልጆች «የሸማኔ ልጅ» ብለው ሲጠሯት፣ እንደ ስድብ ስለሚሉት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የጫማዋን ማሰሪያ ደጋግማ ስትፈታና ስታስር አይቻለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ ነጭ ዲኤክስ እየነዳ መጣ። አዲስ አልነበረችም፤ ግን አባዬ ከአንድ ጡረተኛ ሰው እጅ ገዝቶ፣ አንድም ነገር ሳያስቀር በጥንቃቄ ፈትሾ፣ አጥቦና ወልውሎ ስላመጣት ለኛ ገና ከፋብሪካ የወጣች ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አባዬ ኮፈኑን ከፈተና የሃይማኖት መጽሐፍ እንደገለጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህ ይህን ያደርጋል፣ ያ ያንን ያቀዘቅዛል እያለ አሳየን። ከዚያ ቁልፉን አንዴ ሲያዞረው ሞተሩ ያለምንም ማንገራገር ተነሳ፤ እናቶች እልል አሉ። እኔ ከፊት መብራቷ ላይ የራሴን ፊት ክብ ሆኖ አየሁትና ዓለም ወደ ቤታችን የመጣች መሰለኝ።

ደስታው የቆየው የማሳደሪያ ነገር እስኪነሳ ድረስ ነው። መንገድ ላይ የቆመ መኪና በዚያ ጊዜ ጎማውም መስታወቱም የሚያድርበት ዋስትና አልነበረውም፤ ግቢ ውስጥ ደግሞ መኪና ሊገባበት የሚችለው ቦታ አንድ ብቻ፣ እሱም የጋሽ መና ጥላ ነው። አባዬ ሲከብደው ቆይቶ በመጨረሻ ወደ ጥላው ሄደ። ጋሽ መና በዕድሜ ይበልጡት ስለነበር ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ መና፣ እንግዲህ እንዳዩት ነው፤ ሌላ ቦታ እስኪፈልጉ ድረስ አላቻኩልዎትም» አላቸው። እሳቸው ክሩን በጣታቸው እንደያዙ፣ «ቤትህ ነው፣ ሰኢድ። እስካሁን ማስቀመጥህም ውለታ ነው» አሉት። ሽሮ ሜዳ ዘመዶቻቸው ዘንድ እንደሚሄዱ የነገረችኝ አስቴር ናት፤ ያኔ ትምህርት ቤቷም፣ እኔም ቀረንባት ማለት ነው። የውሃ በርሜሉ ኋላ ተቀምጠን፣ ያቺን ያፈቀርኳትን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላኋት።

በተከታዩ ቅዳሜ ጋሽ መና ዕቃቸውን መፍታት ጀመሩ። የዚያኑ ቀን ጠዋት አባዬ ኬንጂን መኪናዋን እንዲያይለት ጋብዞት ነበር። ኬንጂ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ሊያስተምር የመጣ ጃፓናዊ ወጣት ነው፤ ከኛ አጥር ማዶ ተከራይቶ ስለሚኖር ሰፈሩ እንደ ልጁ ይቆጥረዋል። አማርኛን በትጋት ተምሯል፤ ወንድና ሴት የምንለይበት ነገር ግን ፈጽሞ ስላልገባው ሁሉንም ሰው «አንቺ» ይላል፤ ጢማሙ አባዬም አልቀረለትም።

ኬንጂ በበሩ ሲገባ አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ ይጠብቀው ነበር። ልጁ ግን መኪናዋን በጨረፍታ አየና አልፏት ሄደ። ጥላው ጫፍ ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፣ ወገቡን ሰብሮ ለሽመና ዕቃው ሰገደ። ለሰውየው ሳይሆን ለእንጨቱ። ጋሽ መና የፈቱትን ብትር እንደታቀፉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ አባዬ ቅር ሳይለው አልቀረም፣ ኮፈኑን በእጁ እንደደገፈ ቆመ።

«ለምን ይፈርሳል?» አለ ኬንጂ።

«መኪናዋ ልትገባበት ነው» አለ አባዬ።

ኬንጂ ወደ መኪናዋ፣ ቀጥሎ ወደ ሽመና ዕቃው እያመለከተ፣ «ይህ የዚህ ልጅ ነው። እናቱ ይቺ ናት» አለ። አባዬ አማርኛው የተሳሳተበት መስሎት ሳቅ አለ። ኬንጂ ግን አልሳቀም፤ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቃል ሲጠፋው በእጁ እየሳለ ይነግረን ጀመር። ዱሮ በነሱ አገር አንድ የአናጢ ልጅ ነበረ። እናቱ ትሸምናለች። ቀን ትሸምናለች፣ ማታ ትሸምናለች፣ ወገቧ ይታመማል። ልጁ ያያታል፤ ያዝናል። እናቱን ለማሳረፍ ብሎ እንጨት ሲጠርብ፣ ሲያበላሽ፣ እንደገና ሲጠርብ ኖረ፤ ሰዎች አበደ አሉት። በመጨረሻ የተሻለ የሽመና ዕቃ ሠራ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ራሱን በራሱ የሚሸምን ትልቅ ማሽን።

«አንድ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ቆመ» አለ ኬንጂ።

እስከዚያ ያዳምጡ የነበሩት ጋሽ መና ብድግ አሉ። «ራሱ?»

«ራሱ።»

«ማንም ሳይነግረው?»

«ማንም።»

ጋሽ መና ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የዚህን ትርጉም በግቢው ውስጥ የተረዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ዓይናቸው እስኪፈዝ አንዲት የተበጠሰች ክር ሲያሳድዱ፣ ሳያዩዋት ቀርተው የሸመኑትን መልሰው ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። «ክር ሲበጠስ ያመዋል ማለት ነው እኮ» አሉ፣ በሹክሹክታ። «እንጨት አይደለም፤ ሰው ነው የሠራው ሰውዬ።»

ኬንጂ ቀጠለ። ያንን ማሽን የመሥራት መብት እንግሊዞች ገዙት፤ የሰውየው ልጅ ደግሞ መኪና የመሥራት ሕልም ነበረውና በሽመናው ፋብሪካ አንድ ጥግ ሞተር መፈታታት ጀመረ። በሽመና እጅ የተጀመረው መኪና እየበዛ እየበዛ ሄዶ እነሆ፣ አለና ነጯን ዲኤክስ አሳየን። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ በትልቅ ትሕትና፣ «አቶ ሰኢድ፣ እባክሽ፣ አንቺ ይህን አታፍርሺ» አለው።

ማንም አልሳቀም። አባዬ መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያት ሁሉ አፍጦ ቀረ፤ ዕድሜ ልኩን ብሎኗን ሲቆጥርላት የኖረው ፋብሪካ ከእናት ወገብ ሕመም እንደተነሳ ማን ነግሮት! ጋሽ መና ከጥላው ወጡ። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ አንድም ቀን ቀርበዋት አያውቁም ነበር። መዳፋቸውን በነጭ ልብሳቸው ጠራርገው ኮፈኗ ላይ አሳረፉና፣ በዳዴ ላይ ያለ ሕፃን እንደሚያባብሉ፣ «አንቺም የሸማኔ ልጅ ነሽ ለካ» አሏት። አስቴር አጠገቤ ነበረች። እጄን ያዘችኝ፤ አጥብቃ ስለያዘችኝ አመመኝ፣ ግን አላስለቀቅኳትም።

አባዬ ኮፈኑን ዘጋ። «ጋሽ መና፣ የፈቱትን መልሰው ይግጠሙት» አለ። «እናትን አስወጥቼ ልጅን አላስገባም።»

ዲኤክሷ እንግዲህ ውጭ፣ አጥሩ ሥር አደረች። አባዬ እንቅልፍ አጣ፤ በትንሽ በትልቁ እየተነሳ በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል፤ እማዬም «ይልቅ እዚያው ፍራሽ ላንጥፍልህ» ትለዋለች። ይህን ያዩት ጋሽ መና ለማንም ሳይናገሩ ወፍራም ወፍራም ድር ዘርግተው ብዙ ቀን ሲለፉ ሰነበቱ፤ ሠርተው ሲጨርሱ ለካ ለመኪናዋ ጋቢ ነው! ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ የሚያለብስ፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ጥለት ያለው ጋቢ። ካዛንቺስ በሳቅ ሞተ። ግን ጋቢ የለበሰችውን መኪና ማንም አልነካትም፤ እንዲህ በክብር የለበሰችን መኪና ጎማ ማውለቅ ሌባውንም ሳያሳፍረው አልቀረም። መንገደኛ እየቆመ ያያታል፤ ማለዳ ጤዛ የያዘው ጥጥ በፀሐይ ሲተን ዲኤክሷ በብርድ የምትተነፍስ ትመስል ነበር።

በመስቀል ሰሞን አባዬ ጋሽ መናንና አስቴርን አገራቸው ጨንቻ ድረስ በዚያችው መኪና ወሰዳቸው። ሙስሊሙ አባቴ የመስቀል ደመራ አጠገብ በክብር ተቀምጦ ሲመለስ ጭቃ በጭቃ የሆነችው ዲኤክስ ያንን ሁሉ ዳገት አንዴም ሳታንገራግር ወጥታ መውረዷን ደጋግሞ ይተርክ ነበር። ጋሽ መና ግን የሚተርኩት ሌላ ነው፤ የአገራቸውን ሸማኔዎች ሰብስበው ኮፈኗን አስነክተዋቸዋል። አስቴርም ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» ሲሏት፣ «እኔና ዲኤክስ» ትላቸዋለች። በቤታችን ደግሞ አዲስ ልማድ ገባ፤ ጠብ ሊነሳ ሲል እማዬ «ክር ተበጥሷል!» ስትል የተናገረም ያኮረፈም ባለበት ይቆማል።

ኬንጂ ጊዜው ደርሶ አገሩ ተመለሰ። እኔ አግብቼ ጎተራ ገባሁ። ጋሽ መና ያረፉት በከባድ ክረምት ነው። የለቅሶው ድንኳን ሲተከል ዝናቡ አልቆም አለ፤ ለወጥ ማንደጃ የመጣው እንጨት ሁሉ ርሶ አጤሰ። ግቢው ውስጥ ደረቅ እንጨት የነበረው ከጥላው ሥር፣ ከጉድጓዱ ላይ ብቻ ነው። ማን እንዳነሳው አይታወቅም፤ ማንም ክፉ አላሰበም፤ ለቀስተኛው በርዶት ነበር። የጋሽ መና እጅ ለዘመናት ያለሰለሰው የሽመና ዕቃው እንጨት ስለሆነ በጣም ጥሩ ነደደ አሉ። አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ አመዱን አየና ዲኤክሷ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። እሱም ሲያርፍ ወንድሜ መኪናዋን ለአዳማ ሰው ሸጣት፤ ዛሬም ትሄዳለች የሚሉ አሉ። ከዚያ ካዛንቺስ ለልማት ተነሣ፤ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ።

ሰኞ ዕለት የሄድኩት አስቴርን ለማግኘት ነበር። ግቢያችን በነበረበት ቦታ ላይ በተዘረጋው አዲስ መንገድ ዳር፣ ካፌ ውስጥ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጠን ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ጃፓን ውስጥ ባለ ሙዚየም የተቀመጠ የዚያ የአናጢ ልጅ የእንጨት ሽመና ዕቃ ነው፤ ተወልውሎ፣ መብራት በርቶለት፣ ልጆች ከበውት ያያሉ። አስቴር በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የእጅ መያዣው ጋ ስትደርስ፣ የተፋቀና የጠቆረ ቦታ አየች፤ «የአባቴም እዚህ ጋ እንዲህ ነበር» አለች።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየን። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ያምራል፤ አበባ ተተክሏል፣ ወጣቶች በብስክሌት መንገዱ ላይ ያልፋሉ። የጋሽ መና ጉድጓድ የቱ ጋ እንደነበር ልንገምት ሞከርን። እኔ ከመብራት ምሰሶው በስተቀኝ አልኩ። አስቴር የለም፣ ከአበባው ወዲህ ነው አለች። በሩ በዚህ በኩል ነበር፣ በርሜሉ በዚያ በኩል፣ እያልን ብዙ ተከራከርን። የጃፓኑ እንጨት በመስታወት ውስጥ ቦታው ይታወቃል። የኛው የት እንደነበር ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም፤ እኛም አልተስማማንም።