እትዬ ዳመነች ያመሰገኑኝ ቀን

ሥራ የጀመርኩት ያለ ደመወዝ ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ላንቴ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ የቀበሌያችን ፖሊስ የነበረው ሳጅን አንድ ፊሽካ፣ የክንድ ጨርቅና ደብተር ሰጠኝ። "ያየኸውን ጻፍና ለእኔ አምጣ፤ ሌላው የእኔ ሥራ ነው" አለኝ። በዚህ ዓይነት የማኅበረሰብ ፖሊስ በጎ ፈቃደኛ ሆንኩ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ስለነበር ሐሳቤን አልደበቅኩም፤ በዚያው ገብቼ መደበኛ ፖሊስ ልሆን ነው።

ፊሽካውን ወደድኩት። ደብተሩን አልወደድኩትም።

ጠቡ ሁሉ በአብዛኛው የሙዝና የውሃ ነበር። መስኖው የሚለቀቀው በተራ ነው፤ በበጋ ደግሞ ተራ የሚሰርቅ አይጠፋም። አንድ ማለዳ የጎረቤታችን የእትዬ ዳመነች ባል፣ ጋሽ ኦይቻ፣ ያለ ተራቸው ቦዩን ወደ ሙዝ ማሳቸው ሲመልሱ ተራ አስከባሪው ደረሰባቸው። እሳቸውም በአካፋ እጀታ ክንዱን መቱት። እኔ ስደርስ ክንዱ አብጧል፤ ጋሽ ኦይቻም ያደረጉት አስደንግጧቸው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል።

ደንቡ ለሳጅኑ ማሳወቅ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌ ጠራሁ። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ የሚል የለም፤ እዚያው ታረቁ። እትዬ ዳመነች ግንባሬን ሳሙኝ። ቤት ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የታረቀን ነገር መጻፍ ቁስል መነካካት መሰለኝ።

በሁለተኛው ዓመት የምልመላ ማስታወቂያ ወጣ። ለፖሊስነት የተመዘገበ ሰው ቁመቱና ትምህርቱ ታይቶ አያበቃም፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይተቻል። ከእኔ በፊት የቆመው ልጅ አርባ ምንጭ ዘመድ ጋር ስላደገ የሚያውቀው አልነበረም፤ "ክፉ አላየንበትም" ተብሎ አለፈ። እኔን ሁሉም ያውቀኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

እትዬ ዳመነች እጃቸውን አወጡ።

"ይሄ ልጅ እንደ ልጄ ነው" አሉ። "ባሌ ሰው መትቶ፣ ፖሊስ ሳይሰማ አስታርቆልኛል። ሳይታሰር ቀረልኝ። ይባረክ።"

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዞን የመጣው ኢንስፔክተር ግን ነገሩ መዝገብ ላይ ይኖር እንደሆነ ሳጅኑን ጠየቀው። ሳጅኑ አልደረሰኝም አለ። ስብሰባው ሲበተን ኢንስፔክተሩ ለብቻዬ ጠራኝ።

"እርቁን አልጠላሁትም" አለኝ። "ግን ክንዱ ተሰብሮ ቢሆንስ? ያልጻፍከውን ማን ያውቅልሃል?"

ወደቅኩ።

በማግስቱ እትዬ ዳመነች እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ሙዝ ይዘው መጡ። መውደቄን ስነግራቸው ክው አሉ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ቁመቴ ነው አልኳቸው። ቁመቴ ምንም አይልም። ሙዙን አብረን በላን። በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ ግን እሳቸውን መቀየም አልቻልኩም።

ዕድሜዬ ከዚያ በኋላ አንድ ምልመላ ብቻ ነበር የሚፈቅድልኝ። ፊሽካውን ልመልስ ሁለት ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። አጥር የገፋውን፣ ጠጥቶ የረበሸውን፣ የአጎቴን ልጅ ሳይቀር። ጽፌ ለሳጅኑ አሳውቃለሁ፤ ለእርቅ የሚሆነውን እሱ ሲፈቅድ ወደ ሽማግሌ እንወስደዋለን። ሰፈርተኛው "ጸሐፊው" እያለ አፌዘብኝ።

በሚቀጥለው ምልመላ ግማሹ ሰው አኩርፎኛል። አንዱ ተነሥቶ ዘመድ አያውቅም ብሎ ከሰሰኝ። ኢንስፔክተሩ ደብተሬን ያገላብጣል። እትዬ ዳመነች እጃቸውን አወጡ።

"ዘንድሮ የምለው የለኝም" አሉና ተቀመጡ።

አለፍኩ። ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ቁመትህማ አምና ካለፈው ልጅ ይበልጣል" አሉኝ። "የጣልኩህ እኔ ነኝ። ለምን አልነገርከኝም?"

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ።

አሁን ዋና ሳጅን ነኝ፤ በምልመላም እቀመጣለሁ። ወጣቶች በጎ ፈቃደኛ መሆን ለመቀጠር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለው ይጠይቁኛል። ሕዝብ እንዲያውቃችሁ ያደርጋል እላቸዋለሁ። ሲያውቃችሁ ደግሞ ጥሩውንም ጥፋቱንም አንድ ላይ ነው የሚናገረው፤ አንዳንዴም እያመሰገነ።