ፊትን የማይምረው ሌንስ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አትነቃነቅ» ነበር የሚለው። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና የሱቁ ኪራይ ውል ብቻ ነበርን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ከመጋረጃ ፊት እያስቀመጠ «አትነቃነቅ፣ አትነቃነቂ» ሲል ስለኖረ የወጣለት ስም ነው። ራሱ ግን አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም፤ ምሳውን እንኳን ቆሞ ነበር የሚበላው። «አንተ እየተቅበጠበጥክ ሰውን አትነቃነቅ ትላለህ?» ስለው «ሁላችንም ከቆምንማ ማን ያነሳል?» ይለኝ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። ሥራችንን ተካፍለን ነበር የምንሠራው። እሱ ያነሳል፣ ፊልሙን ያጥባል። እኔ ከኋላ ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ኔጋቲቩን በብርሃን እያየሁ የሰው ፊት አሳምራለሁ። መጨማደድ በኔጋቲቭ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው፤ በቀጭን እርሳስ ይሞላል። የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ደግሞ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ እሱን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው። እርሳሱ ቢያስፈልግ ታጥቦ ይለቃል። የተፋቀ ግን ተፋቀ፣ መመለሻ የለውም። እጄ የተመሰገነ ነበር። ሴቶቹ «ሂጂና ፊትሽን አስተኩሺ» ይባባሉ ነበር።

ያለን አንድ ሌንስ ብቻ ነበር። ለቤተሰቡም፣ ለጉርዱም፣ ለሙሽራውም እሱው። ባለቤቴ ግን ለፊት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሌንስ ይመኝ ነበር፤ ረዘም ያለ፣ ፊቱን ከሩቅ ስቦ ከኋላ ያለውን ሁሉ ጉም የሚያስመስል። «በዚህኛው ጠጋ ስል ከሰውየው አፍንጫው ቀድሞ ይደርሳል» እያለ ያማርር ነበር። ስለዚያ ሌንስ ሲያወራ ለሚሰማው ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት አጠራቀመለት።

ከእኛ ሦስት በር አልፎ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቷ ትምህርቷን የጨረሰች ሰሞን ፎቶ ልትነሳ መጣች። የግራ ቅንድቧን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ነበራት። ፋቅኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ ለምዶ ነው። ፎቶውን ስትወስድ «ውይ እትዬ፣ ሌላ ሰው አደረግሽኝ!» ብላ ስቃ ሄደች። በዓመቱ ታመመች፤ ሦስት ሳምንትም አልቆየች።

እናቲቱ ጥቁር ለብሳ መጣችና አሳድጉልኝ አለች። ባለቤቴ ኔጋቲቩን ከሣጥን ፈልጎ የመስኮት መስታወት የሚያህል አድርጎ አተመላት። ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን ብዙ አየችው።

«ይቺ ማናት?»

«ልጅሽ ናት እንጂ፣ እህቴ» አላት ባለቤቴ።

«ጠባሳዋስ?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ወድቃ የመጣ መሰላችሁ? የአራት ዓመት ልጅ ሆና እግሬ ሥር ስትጫወት ሳላያት ብድግ አልኩና የስፌት መኪናዬ ጠርዝ ላይ ጣልኳት። እኔ ነኝ የጣልኳት። አሥራ አምስት ዓመት ፀጉሯን ባበጠርኩ ቁጥር እሱን ሳልስም አልፌ አላውቅም። ማነው የወሰደው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዲያምርባት ብዬ ነው።»

«ምን ጎደላት ብለሽ?»

ከደረቷ የልጅቷን የትምህርት ቤት መታወቂያ አወጣች። ላዩ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። «እዚህ ላይ አለ። ይሄን አሳድጉልኝ» ብላ ትታልን ሄደች።

ባለቤቴ ሞከረ። የእኛ ሌንስ ከክንድ ርቀት አልፎ ከቀረበ ይደበዝዛል። ከዚያ ርቀት ያነሳውን ቢያሳድገው ልጅቷ አመድ የተነሰነሰባት መሰለች። ሦስት ጊዜ አትሞ ሦስት ጊዜ ቀደደ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ያገለገለ የካሜራ ዕቃ እያዞረ የሚሸጥ ነጋዴ መጣና ሁለት ሌንስ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠ። አንደኛውን ባለቤቴ ገና ከጨርቁ ሳይወጣ አወቀው፤ ያ የሚመኘው ነው።

«ይሄኛውስ?» አለ ወደ ሌላው እያየ።

«እሱ የቅርብ ነው። የጉንዳን ዓይን ያነሳልሃል።»

«ጉንዳን ደንበኛ የለኝም።»

«ፊትም ያነሳል፣ ጋሼ። እንደዚያኛው ከሩቅ ባይስብም እንኳ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ፊትን አይምርም።»

ለሁለቱም አቅም አልነበረንም። ነጋዴው እስከ ነገ ሞክራቸው ብሎ ትቶለት ሄደ። ባለቤቴ እኔን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ በሁለቱም አነሳኝ፤ ከዚያ ሁለቱን ፎቶ ከነውሃቸው ጎን ለጎን ዘረጋቸው። በአንደኛው የተዳርኩ ቀን የነበርኩትን መስዬ ከጉም ውስጥ ብቅ ብያለሁ። በሌላው እናቴ ዓይኔ ሥር ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ የእርሳስ ጥቀርሻ አገጬ ላይ፣ የላብ ቀዳዳ ሳይቀር።

«የቱን?» አለኝ።

ልቡ የቱ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ያን የማይምረውን ብንወስድ ደንበኛ እንደሚሸሽ፣ የሚሞላው መጨማደድ እንደሚበዛና ማንባት የጀመረው ዓይኔ እንደማይችለው አውቃለሁ። እና አፌ ቀደመኝ፤ «ለአንዲት ሴት ብለን?» አልኩት። ይህን ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የተመኘውን ሌንስ ካሜራው ላይ ገጥሞ በር ላይ ቆመና አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆሞ አየሁት። ከዚያ ፈታው፣ ወልውሎ በጨርቁ ጠቀለለውና እጄ ላይ አኖረው።

«ነጋዴው ሲመጣ አንቺ መልሽለት። እኔ ከመለስኩ ሐሳቤን እቀይራለሁ።»

በማግሥቱ መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ የማይምረውን ሌንስ ገጥሞ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ ሊነካው እስኪደርስ አቀረበው። ከማንሳቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትነቃነቂ» አላት። ልምዱ ይሁን ሌላ ነገር፣ አልጠየቅኩትም።

የፎቶ ወረቀቱ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሲገባ ልጅቷ ቀስ እያለች መጣች። አገጯ፣ አፏ፣ ዓይኗ፣ ከዚያ የተከፈለችው ቅንድቧ። ጠባሳው አለ። ግን መታወቂያው ላይ የተመታው ማህተም ጠርዙ ግንባሯን ተሻግሮ ቅንድቧ ድረስ ወርዷል፤ የጠባሳው የላይኛው ግማሽ ቀለሙ ሥር ቀርቷል።

እናቲቱን ጠራናት። ይሄንንማ እኔ እሞላዋለሁ ብዬ ብሩሼን ይዤ ተቀመጥኩ። የፋቀ እጅ ይመልስ ብዬ ነው።

«እስከ የት ነበር፣ እህቴ? አሳዪኝ።»

ጣቷን ከራሷ ቅንድብ በላይ አደረገች። ትንሽ ከፍ አደረገችው። ዝቅ አደረገችው። «ቆይ፣ ቆይ» አለች። ዓይኗን ጨፍና በከንፈሯ ፈለገችው፤ ስትስመው የነበረበትን ቦታ አየሩ ላይ ስትፈልግ አየኋት። ከዚያ እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ።

«ጠፋኝ» አለች።

ባለቤቴ ብሩሹን ከእጄ ወሰደ። እናቲቱ ተነስታ ፎቶውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከነማህተሙ እወስደዋለሁ። አንቺ ግን አትንኪብኝ።»

ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው። ባለቤቴ ሲያልፍ ትነሳለታለች፤ እኔ ሳልፍ ጎንበስ ብላ ክር ታስገባለች። ክር የሌለው መርፌ መቼም አይጠፋትም።

ሌንሱ እንደፈራሁት ሆነ። «ጋሽ አትነቃነቅ፣ ምን በድዬህ ነው?» እያለ ፎቶውን ጥሎ የሚወጣ በዛ፤ ግማሹ ማዶ ወደተከፈተው ስቱዲዮ ሄደ። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው በዚያው ሠራ። እርሳሴን አልከለከለኝም። ምላጬን ግን ከመሳቢያው አጣሁት፣ እሱም የት እንዳደረሰው አልነገረኝም።

ጠባሳ አጥፋልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ ጎረምሳም ይሁን ኮረዳ፣ «እናትህ ፈቅዳልሃለች? እናትሽ ፈቅዳልሻለች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ሰባ ያለፋቸውን ሽማግሌ «እናትዎ ፈቅደውልዎታል?» አላቸው። ሰውየው በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ባለቤቴ መልሳቸውን እየጠበቀ ቆሟል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ እርሳሴን እቀርጻለሁ።