የአርባ አንድ ዓመት መጤ

ፕሮፊራ እዚህ ባናት አውራጃ፣ መንደራችን በሙሽርነት ስትገባ እኔ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። የመጣችው ከሞልዶቫ አውራጃ ነው። ያው ሮማኒያ ነው፤ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን። ቢሆንም ለእኛ መጤ ናት። አርባ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ሆና፣ ልጆቼን አቅፋ አሳድጋልኝ፣ ሰው "የቷ ፕሮፊራ?" ሲለኝ "መጤዋ ናታ!" እላለሁ። ክፋት ያለበት አይመስለኝም ነበር።

ዘንድሮ ባሏ ኒስቶር ሞተ። ቤቱ ጭር ሲልባት አንዱን ክፍል ለዳምባር አከራየችው። እንጨት መሰንጠቂያው ቤት የሚሠራ ኔፓላዊ ነው። መንደሩ "የማን ልጅ እንደሆነ ማን ያውቃል?" እያለ ተንጫጫ። መልእክተኛ ሆኜ የሄድኩት፣ አፈር በበላሁ፣ እኔ ነኝ።

"ሰውዬውን ካላስወጣሽ ለኒስቶር ተዝካር ማንም አይመጣልሽም" አልኳት።

"አንቺም፣ ሳቬታ?"

"እኔም።"

"እንግዲያው መጤ ከመጤ ጋር ይኑራ!" ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

እኛ ዘንድ የተዝካር ምግብ እጅ በእጅ ይሰጣል። ተቀባዩ "ቦግዳፕሮስተ" ማለት አለበት፤ ነፍስ ይማር እንደማለት ነው። "አመሰግናለሁ" ካለ ለሟቹ አይደርስም። ጭራሽ ተቀባይ ከጠፋማ ኒስቶር በዚያኛው ዓለም ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ፕሮፊራን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነበር።

በአርባው ረፋድ ላይ በአጥሩ አጮለቅኩ። አሥራ ሁለት ሳህን ተደርድሯል፤ በየሳህኑ በማር የታሸ ስንዴ፣ ዳቦና ጧፍ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ዳምባር ብቻ ቆሟል። አንዱን ሳህን ሰጠችው።

"አመሰግናለሁ፣ እማማ።"

"ኧረ በስመአብ! እንደሱ አይባልም! ቦግዳፕሮስተ በል።"

"ቦግዳ... ፕሮስት።"

"ፕሮስትማ ጅል ማለት ነው! ባሌን ልትሰድብብኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ኒስቶር ከሞተ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛውን ሰጠችው፣ ሦስተኛውን ሰጠችው። በአራተኛው ላይ አንድም ፊደል ሳይስት አለው።

መንደሩ ያለውን ይበል ብዬ ሻሼን አስሬ ገባሁ። ፕሮፊራ አምስተኛውን ሳህን ዘረጋችልኝ። ከእፍረቴ የተነሳ ተምታቶብኝ፣ "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ዳምባር ደነገጠ። "እትዬ፣ እንደሱ አይባልም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ለአባባ ኒስቶር አይደርሰውም።"

"ተዋት፣ ልጄ" አለችው ፕሮፊራ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "መጤ ስለሆነች ነው። ትለምደዋለች።"

ሳህኑን መለስኩላት። እንደገና ሰጠችኝ፤ ያኔ በትክክል አልኩት።