በጎጆ ምንጭ ዳር ያጣነው ነብር

ከአምቦ የተነሳነው ካሜራ ልናስመልስ ነበር። ኅዳር ነው፤ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ ገመቹ በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ መጥቶ ደጄ ላይ ክላክስ አደረገ። እሱ የመንግሥት የዱር እንስሳት ባለሙያ ነው፣ እኔ ደግሞ አምቦ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሁለታችን ከጎጆ ከተማ አካባቢ የደን ማኅበር ጋር ሆነን የጋራ ጥናት ይዘናል፦ እዚያ የቀረችው ትንሽ የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ ነብር አለ ወይስ የለም? ገበሬዎቹ ሌሊት እንደ መጋዝ የሚገዘግዝ ድምፅ እንሰማለን ይላሉ። ፎቶ ግን የለም። ፎቶ ከተገኘ ለደኑ የተሻለ ጥበቃ እንጠይቃለን፤ ካልተገኘ ጥናቱ ይዘጋል።

ስለዚህ አውሬ ባለፈ ቁጥር ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ምንጩ አጠገብ ዛፍ ላይ አስረን ተመልሰን ነበር። አሁን የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቶሎሳ ደውሎ፣ ሴቶቹ ካሜራውን አውርደው እንደወሰዱት፣ ሲንቄም ይዘው እንደወጡ ነገረን። ሲንቄ ኦሮሞ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። የሴት ክብር ሲደፈር ሴቶቹ እሷን ይዘው ይወጣሉ፤ ነገሩ በእርቅ ሳያልቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ገመቹ ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱ ጠቁሯል። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ስለ በትር የማውቀው ሌላ ነው።

ጊንጪ፣ ቁርስ

ጊንጪ ስንደርስ የእህል ጆንያ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል፤ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች በመካከሉ እየተሹለኮለኩ ያልፋሉ። ጨጨብሳ አዘዝን። ጨጨብሳው ደህና ነበር፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ቦሌ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ገመቹ ሳቀብኝና ከፈለ።

እዚያው ቁርስ ላይ፣ ካሜራ እንደምንሰቅል ለሴቶቹ የነገረው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ማኅበሩ ነዋ አለኝ። እኔ ደግሞ የሱ መሥሪያ ቤት መስሎኝ ነበር። ቶሎሳ ጋ ደወልን፤ እሱ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፣ የቀረውን እናንተ በቀበሌ ስብሰባ የተናገራችሁ መስሎኛል አለ። ኮሚቴው ደግሞ ከሊቀመንበር እስከ ገንዘብ ያዥ ወንድ ነው። ስምምነቱን የፈረምን ዕለት አንዱ ተነስቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ አስጨብጭቦልን ነበር። ሦስት ወገን አብረን፣ ምንጭ የሚወርዱትን ሴቶች መጠየቅ አቃተን። ጉድ እኮ ነው!

ወደ ጎጆ

ከጊንጪ አስፋልቱን ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው፤ ገመቹ በየጉድጓዱ ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ ወገቤ ግን አልማረውም። ከፍ እያልን ስንሄድ ብርዱ በረታ። ገብስ እየታጨደ ነው፤ ድንች የተጫኑ ፈረሶች ሲያጋጥሙን ዳር ይዘን እናሳልፋቸዋለን። አንድ ቦታ ቆመን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛን። ከጊንጪው ቁርስ እሱ በለጠብኝ።

ጎጆ ከተማ ላይ ቶሎሳ ጋቢውን ተከናንቦ ሲጠብቀን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ስለሆነ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። አዴ ጫልቱ የምትባል ባለትዳር ከእርሻ ስትመለስ፣ ማታ ማታ፣ ምንጩ ዳር ገላዋን ትታጠባለች። አንድ ቀን ነጠላዋን ቅርንጫፍ ላይ ልትሰቅል ቀና ስትል መስተዋት ዓይን ለዓይን ገጠማት። ቶሎሳ ምንነቱን ሲነግራት ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አባል ከሆነችበት የቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን ቀርታለች፤ ምስሌን ማን ማን አይቶት ይሆን እያለች ሰው ፊት መውጣት አፍራለች።

ከኮሶው ሥር

ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ከትልቅ ኮሶ ሥር ተቀምጠዋል። ካሜራው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጫልቱ ጭን ላይ ነው። ቶሎሳ አጭር ጸሎት አደረገ። ገመቹ እርጥብ ሣር ነጭቶ፣ የይቅርታ ምልክት ነውና በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ፤ ጥፋቱ የሦስታችንም ነው አለ። እኔም ተከተልኩ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ትንሽ ለቀቅ አለ። ከኮሚቴው ሁለት ቦታ ለሴቶች እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ቶሎሳ እሺ አለ። ካሜራው ከምንጩ እንዲርቅ ጠየቁ፤ እኛም እሺ አልን።

ከዚያ ላፕቶፔን ስከፍት ጫልቱ እጇን ጫነችበት።

«ማን ሊያይ ነው?»

ከሦስቱም ወገን የመጣነው ወንዶች ነን። በኋላ ሴቶቹ ተነጋግረው ለሊሴን መረጡ። ለሊሴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ኮምፒውተር ታውቃለች፣ የሁሉንም ጓዳ ገብታ አይታ አንድ ወሬ አላወጣችም። የሴት ምስል ሁሉ እንድታጠፋ፣ የእንስሳውን ብቻ እንድታስቀር ተስማማን። ላፕቶፑን ይዛ ከዛፉ ጀርባ ሄደች። እኛ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ቀርቦልን ስንበላ ድኩላ አለች፣ ጅብ አለች፣ የሰው ላም አለች።

«ቄራንሳ» አለች በመጨረሻ። ነብር ማለቷ ነው።

ገመቹ ከመቀመጫው ተፈናጠረ። ሴቶቹም በትራቸውን ይዘው ብድግ አሉና መንገዱን ዘጉት። ለሊሴ እዚያው ሆና አስረዳች፦ ነብሩ ያለው አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያው ፎቶ ላይ ጫልቱ ትታጠባለች፤ ነብሩ ከኋላዋ ቁጥቋጦው ውስጥ ጋደም ብሎ ያያታል። ከሴቶቹ አንዷ ጫልቱን እጇን ያዘቻት።

ገመቹ እሷን ቆርጠሽ ነብሩን ብቻ አስቀሪልን ብሎ ለመነ። ለሊሴ ሞከረች። ነብሩ የሚታየው በጫልቱ ክንድና ጎን መካከል ነው፤ የቱንም ያህል ቢቆረጥ ገላዋ ይቀራል። ገመቹ ደኑን አነሳ፣ ጥናቱን አነሳ፣ ይህን ፎቶ ስንት ዓመት እንደጠበቀ ተናገረ። አዘንኩለት።

«ኦቦ ገመቹ» አለች ጫልቱ፣ «ቁራጩም የኔው ገላ ነው።»

ካሜራው በኔ ስም የወጣ ነውና ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያን ነብር እኔም ከማንም በላይ ፈልጌዋለሁ። ግን ሴትየዋ ፊቴ ተቀምጣለች፣ ገና ቀና ብላ አላየችንም።

«አጥፊው» አልኳት ለሊሴን።

ጠፋ። ገመቹ ተነስቶ መኪናው ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ሴቶቹ ሣሩን ከእጃችን ተቀብለው መረቁን። ከእንግዲህ ማታ ማንም ብቻዋን ምንጭ እንዳትወርድ ተስማሙ። ስንለያይ ጫልቱ ካሜራውን ከነጨርቁ ሰጠችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ፊቴን አይታ በኦሮምኛ መምህር ብላ ጠራችኝ።

«ባርሲሳ፣ እንግዲህ ከለሊሴ ሌላ ያየኝ ነብሩ ብቻ ነው?»

አዎ አልኳት።

«ይሁን። እሱ አያወራም።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፣ እሷም አብራቸው ሳቀች።

አምቦ፣ ማምሻውን

ገመቹ እስከ ጊንጪ አላናገረኝም። አስፋልቱን ከያዝን በኋላ ነው ሪፖርቱ ላይ ምን እንላለን ያለኝ። ነብር በፎቶ አልተረጋገጠም እንላለን አልኩት። ነብሩ አለ እኮ አለኝ። አዎ፣ አለ አልኩት። አምቦ ደጄ ላይ ሲያወርደኝ ግን የሚቀጥለውን ካሜራ የት እንደምንሰቅል ሴቶቹን እሱ ራሱ ሄዶ እንደሚጠይቅ ነገረኝ።

ከጉዞው የተማርኩትን ብጠየቅ፣ መንግሥት፣ ትምህርት ቤትና ማኅበር አብረው ስለፈረሙ ብቻ ሰው ተጠይቋል ማለት እንዳልሆነ ነው። ጥናቱ ይቀጥል ይዘጋ እስካሁን አላወቅንም። ያንን ነብር ባሰብኩ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። እሑድ ጠዋት ግን ቶሎሳ ደውሎ ስልኩን ወደ መዘምራኑ አዞረልኝና፣ ከሁሉም ጎልታ የምትሰማው ጫልቱ እንደሆነች ነገረኝ።